የጁባ ገንዘብና የጎልማሶች ሒሳብ

በ20 ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ የጁባ ሠራተኛ መገበያያ ገንዘቡ ሦስት ጊዜ ተለውጦበታል (ዓመቶቹን የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። በ1992 የሱዳን መንግሥት ፓውንዱን በዲናር ተካ፤ አንዱ ዲናር 10 ፓውንድ ነበር። በ2007 ደግሞ የ2005ቱን የሰላም ስምምነት ተከትሎ ዲናሩ ቀረና አዲስ ፓውንድ ወጣ፤ አንዱ አዲስ ፓውንድ 100 ዲናር፣ ወይም 1000 የድሮ ፓውንድ ማለት ሆነ። ደቡብ ሱዳን በሐምሌ 2011 ነፃ ስትወጣ የራሷን ፓውንድ አሳትማ አንድ ለአንድ ለወጠች።

ለሒሳብ መምህር ትልቁ ቁም ነገር ያለው በዲናሩ ዘመን ነው። በደቡብ ሱዳን ሰው ዲናር ይዞም ዋጋ የሚከራከረው በፓውንድ ነበር። 2500 የተባለ ዕቃ የሚከፈልበት 250 ዲናር ነው። በየይና በሩምቤክ ደግሞ የኡጋንዳና የኬንያ ሽልንግ ይሠራ ነበር። እንግዲህ ገበያተኛው በአፉ አንድ ቁጥር እየጠራ በእጁ ሌላ ቁጥር ይቆጥር ነበር ማለት ነው። ገበያ ደግሞ ፊደል የቆጠረውን ካልቆጠረው አይለይም።

ይህን ሰው በማታ ትምህርት ቤት አስቀምጠን «2500 ለ10 ሲካፈል ስንት ነው?» ብለን ብንጠይቀው ዝም ሊል ይችላል። የዝምታውን ምክንያት የሚያመለክት ጥናት በ1985 ከብራዚል ሬሲፌ ከተማ ወጥቶ ነበር። አጥኚዎቹ በመንገድ ዳር የሚነግዱ 5 ልጆችን በሽያጩ መሀል ሒሳብ ሲጠይቋቸው 98 በመቶውን በትክክል መለሱ። ያንኑ ዓይነት ስሌት በወረቀት ላይ ሲያቀርቡላቸው ግን ወደ 37 በመቶ ወረደ። የጎደለው የማስላት ችሎታ ሳይሆን የወረቀቱ ልማድ ነበር።

መምህሩ ይህን ልዩነት በራሱ ክፍል እንዲመረምር የሚረዳው ዘዴ ተግባራዊ ምርምር ይባላል። ሐሳቡን በ1946 በጽሑፍ ያቀረበው ጀርመን ተወልዶ በአሜሪካ ያስተማረው ኩርት ሌዊን ነው። ማቀድ፣ መሥራት፣ ውጤቱን ማየት፣ ባዩት መሠረት ዕቅዱን ማረም፣ ከዚያም እንደገና መጀመር ነው። በአካባቢያችንም ለዚህ የቀረበ ሙከራ ነበር። ዩኔስኮ በ11 አገሮች ባካሄደው የሙከራ የመሠረተ ትምህርት ፕሮግራም ኢትዮጵያና ሱዳን ሁለቱም ነበሩበት፤ የእኛው ከ1968 እስከ 1973 ቆይቶ ንባብንና ቁጥርን ከሥራ ጋር ለማያያዝ ሞክሯል። በ1976 የወጣው ግምገማ ፕሮግራሙ ትምህርትን ከምርት አንጻር ብቻ አጥብቦ ማየቱን ነቅፏል። በእኛ አስተያየት የአስተማሪው ድርሻም ማነሱ ሌላው ጉድለት ነው። ሙከራ ተብሎ ሞካሪው ሩቅ ከሆነ ማን ያርመዋል?

የጁባን ግንበኛ እንውሰድ። አንድ ባልዲ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ አራት ጠጠር ያቦካል። አስተማሪው «ሲሚንቶው ከጠቅላላው ስንት እጅ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ «አንድ አራተኛ» የሚል መልስ ሊያገኝ ይችላል። በመጽሐፉ ትክክሉ አንድ ሰባተኛ ስለሆነ ስሕተት ብሎ ያልፈዋል። ነገር ግን ግንበኛው ሲሚንቶውን ያነጻጸረው ከጠጠሩ ጋር ነው፤ አካፋው የሚያነጻጽረው እንደዚያ ነውና። መልሱን ከነምክንያቱ የመዘገበ መምህር በሚቀጥለው ሳምንት ጥያቄውን ይለውጣል፦ 7 ባልዲ ደረቅ ድብልቅ ውስጥ የገባው ሲሚንቶ ስንት ባልዲ ነው? 14 ባልዲ ቢሆንስ? ደግሞም ሰውየው በልቡ የሚቆጥረው በጁባ ዓረብኛ ይሁን በባሪኛ ወይም በሌላ ቋንቋ፣ ያንንም ይጠይቃል። የትምህርቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ ከሆነ «ሩብ» ተብሎ የታሰበው በምን ቃል እንደወጣ ማዳመጥ የምርምሩ አንድ ክፍል ነው። ሦስተኛው ሳምንት ላይ አሸዋው ሲያልቅ ምን እንደሚያደርግ ቢጠይቀው፣ ትምህርቱ ከሰሌዳው ወጥቶ ግንበኛው መምህሩን ወደሚያስተምርበት ስፍራ ይደርሳል።