በቆዳ የተጻፈና በልብ የተጻፈ

ንቅሳት ሲባል በብዙዎቻችን አሳብ የሚመጣው በእናቶቻችን አንገት ላይ ያየነው ጌጥ ነው። በታይላንድና በበርማ ግን ንቅሳት ከጌጥነት አልፎ እንደ ክታብ ይቈጠራል። የነዚህን አገሮች ታሪክ ሳነብ ያገኘሁትን ለወጣት አንባቢዎቼ ባጭሩ ላቅርብ።

በታይላንድ ይህ ንቅሳት ‹ሳክ ያንት› ይባላል። ከባንኮክ በስተ ምዕራብ፣ በናኮን ፓቶም ክፍለ ሀገር በሚገኘው በባንግ ፍራ ገዳም የቡድሃ መነኩሴ ረጅም የብረት መርፌ ይዞ የፓሊን ቃላት በጥንታዊው የክመር ፊደል በሰው ጀርባ ላይ ይነቅሳል። ከጨረሰም በኋላ ይጸልይበታል። ተነቃሹም እንዳይገድል፣ እንዳይሰርቅ፣ እንዳያመነዝር፣ እንዳይዋሽና እንዳይሰክር ይታዘዛል። ትእዛዙን ያፈረሰ እንደ ሆነ የንቅሳቱ ኃይል ይጠፋል ብለው ያምናሉ። መነኩሴው ራሱ የሚጠብቃቸው 227 ሥርዓቶች አሉት፤ ከነዚህም ውስጥ ተነቀስ የሚል አንድ ስንኳ የለም።

እንግዲህ ነገሩን አስተውሉ። የፊተኛው ትእዛዝ አትግደል ይላል፤ ወታደሮች ግን ንቅሳቱን የሚፈልጉት ለጦርነት ነበር።

ይህ እምነት ሰውን ወዴት እንደሚያደርስ የበርማ ታሪክ ይመሰክራል። በ1930 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የሩዝ ዋጋ ወደቀ፤ የእንግሊዝ መንግሥት ግን የነፍስ ወከፍ ግብሩን መጠየቁን አልተወም። ያን ጊዜ ቀድሞ መነኩሴ፣ ኋላም ባለመድኃኒት የነበረው ሳያ ሳን የዐመፁ መሪ ሆኖ ተነሣ። በታኅሣሥ 1923 ዓ.ም. በታራዋዲ አውራጃ ዐመፅ ፈነዳ። ዐመፀኞቹ እባብን ድል የሚነሣውን ጋሎን የተባለ ታላቅ ወፍ በገላቸው ተነቅሰው፣ ጥይት አይነካንም ብለው፣ አብዛኞቹ ጐራዴና ጦር ብቻ ይዘው ወጡ። ጥይቱ ግን ንቅሳቱን አላወቀውም። ከሺህ በላይ ሰው ዐለቀ፤ ሳያ ሳንም በኅዳር 1924 ዓ.ም. ተሰቀለ።

በነዚህ ገበሬዎች የሚስቅ ካለ እኔ ከርሱ ጋር አይደለሁም። የተበደሉት በደል እውነተኛ ነበረ፤ ድፍረታቸውም እንደዚሁ። የጐዳቸው፣ ምልክቱ የሰውን ሥራ ይሠራልናል ብለው ማመናቸው ነው።

እኔም ከዚህ ስሕተት አላመለጥሁም። ዲፕሎማዬን በተቀበልሁበት ዓመት በመስተዋት አስገብቼ በግድግዳ ሰቀልሁት፤ ከዚያም ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ መጽሐፍ እንኳ ሳልከፍት ተማርሁ እያልሁ ኖርሁ። አንድ ቀን የጎረቤት ልጅ ቀላል የሒሳብ ጥያቄ ቢጠይቀኝ መልሱ ጠፋኝ። ቀና ብዬ ወደ ግድግዳው አየሁ፤ ወረቀቱ አልመለሰልኝም።

ስለዚህ፣ ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ምልክት ይዘህ እንደ ሆነ አትጣለው፤ ነገር ግን ምልክቱ የሚያዝዝህን አድርግ። በቆዳ የተጻፈውን ሌላ ሰው ይጽፍልሃል፤ በልብ የሚጻፈውን ግን ጸሐፊው አንተ ነህ።