የተዘጋ በርና በልጓም የተያዘ ቁጣ

ቁጣ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ባለቤቱን ይዞት ይሄዳል፤ ሁለተኛውን ግን ባለቤቱ ይዞት ይሄዳል። የመጀመሪያው ቤት ያቃጥላል፤ ሁለተኛው ክብርን ይጠብቃል። በዚህ የትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ ስለ ሁለተኛው ዓይነት ቁጣ፣ ይኸውም አንድ ጥቁር ባለቅኔ በ14 ስንኝ ስላሰረው ቁጣና ያ ቁጣ ከእኛ አገር ታሪክ ጋር ስላለው ዝምድና ጥቂት ለመጻፍ እወዳለሁ።

ክሎድ ማኬይ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በጃማይካ ደሴት ከገበሬ ቤተ ሰብ ተወለደ። በ1904 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1912) ለትምህርት ወደ አሜሪካ ተሻገረ። እዚያም ከሁሉ በፊት የተማረው የቆዳው ቀለም በየደጁ እንደሚቀድመው ነበር። እንጀራውን ለማግኘት በምድር ባቡር ላይ የምግብ አሳላፊ ሆኖ ሠራ። በ1911 ዓ.ም. (1919) በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ነጮች በጥቁሮች ላይ ተነሥተው ብዙ ደም ፈሰሰ፤ ያ ወቅት “ቀዩ በጋ” እየተባለ ይጠራል። ማኬይ በዚያ ጊዜ ሞት የማይቀር ከሆነ በክብር እንሙት የሚል ግጥም ጽፎ “ሊበሬተር” በተባለው መጽሔት አወጣ፤ ስሙም በሩቅ ተሰማ።

ከ3 ዓመት በኋላ በዚያው መጽሔት “ነጩ ቤት” የተባለውን ግጥም አሳተመ። የግጥሙ ነገር እንዲህ ነው፤ አንድ ሰው ከተዘጋ በር ፊት ይቆማል፤ በሩ የተዘጋበት በሥራው ሳይሆን በመልኩ ነው። ልቡ ይነድዳል። ነገር ግን በሩን አይሰብርም፤ ጎንበስ ብሎም አይለምንም። ቁጣውን በኩራት ተሸክሞ በጎዳናው ላይ ይሄዳል፤ የሚፈራውም የዘጉበትን ሰዎች ሳይሆን የእነርሱ ጥላቻ በልቡ ገብቶ እንዳይመርዘው ነው።

ይህ ግጥም በፈረንጆች 1925 በታተመው “አዲሱ ጥቁር” በተባለው መድበል በገባ ጊዜ፣ አዘጋጁ አሌን ሎክ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ቤት እንዳይመስል ሰግቶ ርእሱን “ነጫጭ ቤቶች” ብሎ ለወጠው። ማኬይ በዚህ እጅግ ተቆጣ። እርሱ አንድን ሕንጻ ሳይሆን ነጭ ያልሆነውን ሁሉ በደጅ የሚያስቀረውን አጥር ማለቱ ነበርና። ስለ ተዘጋ በር የጻፈው ግጥም በፍርሃት ምክንያት ስሙን መነጠቁ ራሱ ምን ያህል እውነት እንደ ተናገረ ያስረዳል።

ይህ ዓይነት ግጥም ሶኔት ይባላል። ስንኙ 14 ብቻ ነው፤ ቤት አመታቱም የታወቀ ሕግ አለው። በአገራችን ጉባኤ ቃና በ2፣ መወድስ በ8 ቤት እንደሚወሰን ሁሉ፣ ሶኔት የሚጽፍም ሰው ልኩን ማለፍ አይችልም። ብዙ የሚያስጮህ በደል ያለበት ሰው ስለ ምን ጠባብ ልክ መረጠ ቢባል፣ መልሱ ለቅኔ ተማሪ አዲስ አይደለም፤ ልክ ያለው ቃል ይጠነክራል። የሚያስደንቀው ደግሞ ሶኔት የተወለደው በ13ኛው ክፍለ ዘመን በኢጣልያ፣ በሲሲሊያ መሆኑ ነው። ጥቁሩ ሰው የነጮቹን መለኪያ ወስዶ በደላቸውን ለካበት።

ሶኔትን የወለደችው ይህችው ኢጣልያ አገራችንን በኃይል በያዘች ጊዜ የተዘጋውን በር በሕግ አቆመችው። ሚያዝያ 11 ቀን 1929 ዓ.ም. በወጣው ድንጋጌ ከኢትዮጵያዊት ጋር እንደ ባልና ሚስት የሚኖር ኢጣልያዊ ከ1 እስከ 5 ዓመት እንዲታሰር ታዘዘ። ሰኔ 22 ቀን 1931 ዓ.ም. የወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ “የዘርን ክብር ለመጠበቅ” ተብሎ ለአገሬው ሰው በተለየ ስፍራ የሚገኝን ኢጣልያዊ ይቀጣ ነበር። በአዲስ አበባም የአገሬው ገበያ ከጊዮርጊስ አካባቢ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ተወሰደ፤ ዛሬ መርካቶ የምንለው ይኸው ነው። ሰው በገዛ አገሩ የደጅ ሰው ሆነ።

የዋግ ሰው ይህን ዝም ብሎ አልተቀበለም። የዋግ ሹም ጓንጉል ጦር በዓድዋ ተሰልፎ ነበርና የአባቶች ነገር ገና አልተረሳም። በ1929 ዓ.ም. ክረምት ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በዋግ ዐመፁን መሩ። መስከረም 1930 ዓ.ም. ተይዘው ተገደሉ፤ ጠላትም ሕዝቡን ለማስፈራራት የተቆረጠ ራሳቸውን በሰቆጣና በኮረም በአደባባይ አሳየ። ሆኖም አርበኝነቱ በኢትዮጵያ ምድር እስከ ድል ቀን አልጠፋም።

በዚያው ክረምት፣ በነሐሴ 1929 ዓ.ም.፣ ዶክተር መላኩ በያን በኒውዮርክ የኢትዮጵያ የዓለም ፌዴሬሽንን አቋቋሙ፤ የአሜሪካ ጥቁሮችም ስለ ኢትዮጵያ ገንዘብና ድምፅ አዋጡ። ማኬይም ይህን አይቷል። በፈረንጆች 1941 በኒውዮርክ የሐርለም ጥቁሮች ኢትዮጵያን ለመርዳት ስላደረጉት ትግል ልብ ወለድ ጻፈ፤ በውስጡም ልጅ ተክላ አላማያ የሚባል የኢትዮጵያ መልክተኛ አለ። መጽሐፉ ሳይታተም ማኬይ በ1948 ሞተ፤ ረቂቁ በ2009 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተገኝቶ በ2017 ታተመ። ከሐርለም ደጅ የተመለሰው ሰውና በሰቆጣ የቆመው ሰው ሳይተዋወቁ አንድ በር ያንኳኩ ነበር።

አንዳንድ ተማሪ፣ “ደጃዝማች ኃይሉ በጦር መሣሪያ ሲዋጉ፣ ባለቅኔው በቃል ብቻ መቆጣቱ ፍርሃት አይደለምን?” ሊል ይችላል። እኔ ግን አይደለም እላለሁ። አገሩ የተወረረበት ሰው ጠላቱን ያስወጣል፤ ከዘጉበት ሰዎች ጋር በአንድ ከተማ መኖር ያለበት ሰው ግን በየዕለቱ ሰውነቱን ሳያጎድፍ መቆም አለበት። ሁለቱም “እኔ የምትሉኝ አይደለሁም” ብለዋል።

ይሁን እንጂ ይህ ታሪክ በሌላው ላይ ብቻ እንድንፈርድ አይፈቅድልንም። ባርነት በአገራችን በአዋጅ የተከለከለው ነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነው። ሸክላ ሠሪዋ በሠራችው ገንቦ ውሃ እየቀዳን፣ ቀጥቃጩ በሠራው ማረሻ እያረስን፣ “ቡዳ” ብለን ከማዕድና ከጋብቻ ስንለያቸው ኖረናል። ያ ደግሞ የእኛው እጅ የዘጋው በር ነው። ከደጁ የቆመውም ሰው እንደ ማኬይ ሁሉ ቁጣውን በልጓም ይዞ ሲያልፍ ብዙ ጊዜ አላየነውም።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች፣ ስለ ዓድዋና ስለ ዋግ አርበኞች ስንኮራ ደስ ይበለን። ነገር ግን የተዘጋ በር ምን እንደሚመስል ከታሪካችን የተማርን ስለሆን፣ በመንደራችን የዘጋነውን ለመክፈት የመጀመሪያዎቹ እኛ እንሁን።