ጓሳን የዘጉ፣ ጓሳን የከፈቱ

በመንዝ ሰው የሚሰበሰብበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ቅዳሴ አለ፣ ገበያ አለ፣ ለቅሶ አለ፣ ዕርቅ አለ። ከአሥራ ሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ በእነዚህ ስብሰባዎች ላይ ሁሉ ጆሮ የሚሰጠው አንድ ዜና ነበር። ጓሳ የሚከፈተው መቼ ነው?

ጓሳ የሣር ስም ነው፤ ሣሩ የሚበቅልበትም ቦታ በዚሁ ስም ይጠራል። ቦታው ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ 260 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በሰሜን ሸዋ ጌራ ምድር፣ ወደ ስምጥ ሸለቆ በሚወርደው ገደል አፋፍ ላይ ይገኛል። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ሲሆን ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ የሚመነጩት ጅረቶች ከፊሎቹ ወደ አዋሽ፣ ከፊሎቹ ደግሞ ወደ ዓባይ ይፈሳሉ። ቀይ ቀበሮ ከሚኖርባቸው ጥቂት ደጋዎች አንዱ ነው፤ የጭላዳ መንጋም በሣሩ ላይ ተሰማርቶ ይውላል። ለመንዝ ገበሬ ግን ጓሳ ከሁሉ በፊት ሣር ነው። ቤቱ የሚከደነው በእርሱ ነው፤ ገመዱም፣ እረኛው በዝናብ ጊዜ የሚከናነበው ገሳም የሚሠሩት ከእርሱ ነው። ማገዶውን ከአስታውና ከቁጥቋጦው ይለቅማል። ገብሱን ውርጭ የመታበት ዓመት ከብቱንና በጉን የሚያተርፍለት ይኸው ደጋ ነበር።

እንዲህ ያለ ሀብት ያለ ጠባቂ አይኖርም። የአካባቢው ሽማግሌዎች በቃል ሲያወርዱት የመጣው ታሪክ እንደሚለው፣ አገሩን ያቀኑት አስቦና ጌራ የተባሉ አባቶች ናቸው፤ ጓሳንም ለልጅ ልጆቻቸው የወል አድርገው ትተውታል። የጥበቃው ሥርዓት ቄሮ ይባላል። (ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በፖለቲካው መድረክ ከገነነውና በኦሮምኛ ወጣት የሚል ፍች ካለው ቃል ጋር የሚያገናኘው የድምፅ መመሳሰል ብቻ ነው።) ከአስቦም ከጌራም ወገን አንዳንድ አለቃ በምርጫ ይሰየማል፤ ማዕረጉም አባ ቄራ ነው፤ አፈሮ ተብሎም ይጠራል።

የአባ ቄራ ዋነኛ ሥልጣን መዝጋትና መክፈት ነበር። ጓሳ አንድ ጊዜ ከተዘጋ ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ድረስ ከብት አይገባበትም፤ ማጭድም አያርፍበትም። የመዘጊያው ዘመን ርዝመት በሣሩ እድገትና በሕዝቡ ችግር ይመዘናል፤ ድርቅ የጠናበት ዓመት መክፈቻውን ያቀርበዋል። ሣሩ ደርሷል ተብሎ ሲታመን ቀኑ ተቆርጦ ሕዝብ በተሰበሰበበት ሁሉ፣ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በገበያ፣ በቀብር ላይ ሳይቀር ይነገራል። ቀኑ አብዛኛውን ጊዜ በበጋው ማየያ፣ በየካቲት ወይም በመጋቢት ይውላል። ሥርዓቱ ቅደም ተከተልም ነበረው፤ በመጀመሪያ ሣሩ ይታጨዳል፣ ከዚያ በኋላ ከብት ይለቀቅበታል። ክረምቱ ሲገባ ጾመ ሐዋርያት በሚፈታበት በሐምሌ 5 ቀን ከብቱ ሁሉ ከጓሳ ወጥቶ ማለቅ አለበት፤ ዳግመኛ መዘጋቱም የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው። የጊዜ ቆጠራውን ከቤተ ክርስቲያን በዓል ጋር ያያያዙት ሰዎች ብልህነት የሚደነቅ ነው፤ አንድም ሰው «ቀኑን አልሰማሁም» ብሎ ማመካኘት አይችልምና።

ጥበቃው የሁሉም ግዴታ ነበር። አባ ቄራው ለዘብ ሲጠራ የቤት አባወራ ሁሉ ተራውን ይወጣል፤ ለቀረውም ሆነ በተዘጋ ጓሳ ከብቱን ላሰማራው ሰው ቅጣቱ ከባድ ነበር። ሥርዓቱ ከሩቅ በመጣ ሹም ሳይሆን እርስ በርሱ በሚተዋወቅ ሕዝብ ዓይን የቆመ ስለነበረ፣ ነገሥታት ሲለዋወጡ እርሱ ሦስት መቶ ዓመት ያህል ዘልቋል።

ስለ ቄሮ የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ይቆማል፤ አባቶች ተፈጥሮን እንዴት እንደጠበቁ ተወድሶ ያበቃል። ያልተነገረው ግን ይህ የወል ሀብት የማን ወል እንደነበረ ነው። መሠረቱ አጽመ ርስት ነው። ቃሉ ራሱ እንደሚናገረው መብቱ ከአባት አጥንት ጋር የተቆራኘ ነው፤ በጓሳ ላይ ድርሻ ያለው ዘሩን ቆጥሮ ከአስቦ ወይም ከጌራ የሚደርስ ሰው ብቻ ነበር። ከሌላ አገር መጥቶ የሠፈረው፣ ትውልዱ የማይቆጠርለት ሰው፣ በዚያው ውርጭ እየኖረ፣ በዚያው ዝናብ እየራሰ፣ የጎረቤቱን ጣራ የሚከድነውን ሣር እንደ መብት ሊያጭድ አይችልም ነበር። የቄሮ ጥንካሬ የተጠቃሚው ቁጥር የታወቀና የተወሰነ መሆኑ ነበር፤ በደሉም ከዚያው የሚመነጭ ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ያረፈው በዚህ ላይ ነው። አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት በሙሉ የኢትዮጵያ ሕዝብ የጋራ ሀብት ሲያደርግ፣ የርስት ክርክርን ከነሥሩ ነቀለ። ገበሬውም እያንዳንዳቸው 800 ሄክታር ገደማ በሚሸፍኑ የገበሬ ማኅበራት እንዲደራጅ ተደረገ። ለዘመናት ከጓሳ ውጭ ለቆመው ሰው ይህ ቀን የፍትሕ ቀን ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም። የአስቦና የጌራ ዘር መሆን ትርጉም ሲያጣ ግን አባ ቄራውም የሚቆምበት መሬት አጣ። የመዝጋትና የመክፈት ሥልጣኑ የመነጨው ከዚያው ከአባቶች ውርስ ነበረና፣ «ዝጉ» ቢል የሚሰማው፣ «ውጡ» ቢል የሚወጣለት አልነበረም።

የተከተለውን መገመት አያስቸግርም። ከብት በዓመት ዓመት ገባ፤ ሣሩ ሳይደርስ ታጨደ፤ በዳርቻው ያለው መሬትም ታረሰ። በእንግሊዝኛው ዓለም ጋሬት ሃርዲን በ1968 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ የወል መሬት ዕጣው ጥፋት ነው ብሎ ነበር፤ የ1967ቱን ማግስት ብቻ ያየ ሰው ጓሳን ለዚህ ምስክር አድርጎ ሊጠራ ይችላል። አማርኛው ግን እዚህ ላይ የሚረዳ ልዩነት አለው። «የወል» እና «ባለቤት የሌለው» አንድ አይደሉም። ጓሳ የወል በነበረበት ዘመን ተጠብቆ ኖሯል፤ የተጎዳው አዋጁ ለሁሉም ሰጥቶት የሚዘጋውና የሚከፍተው ሰው በጠፋበት ጊዜ ነው። ኤሊኖር ኦስትሮም ይህንኑ ልዩነት ከብዙ አገሮች ምሳሌ አሰባስባ በ1990 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አውጥታለች፤ በ2009 እ.ኤ.አ. በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘችውም በዚህ ሥራዋ ነው።

መንዞች ግን መጽሐፍ አልጠበቁም። አዋጁን በተከተሉት ዓመታት የሣሩን መሳሳት ያዩ ሰዎች ተሰባስበው ተመካከሩ፤ ለጓሳ የሚበጀውንም መላ መቱ። የድሮውን ቄሮ እንደነበረ መመለስ አይቻልም ነበር፤ ሕጉ አይፈቅድም፣ አዲስ ባለመብት የሆነውም ሰው በፈቃዱ ተመልሶ ከደጅ አይቆምም። ስለዚህ የጓሳ ኮሚቴ የሚባል አካል አቋቋሙ። በኮሚቴው የሚወከሉት የገበሬ ማኅበራት ናቸው፤ ተመራጩም በዘሩ ሳይሆን በሚኖርበት ቀበሌ ነው የሚቆጠረው። አሮጌውን ልማድ በአዲስ ልብስ ያቀረቡት ቢመስልም፣ ልዩነቱ የልብስ ብቻ አይደለም።

ዘለዓለም ተፈራና ናይጄል ሊደር-ዊሊያምስ በ2005 እ.ኤ.አ. «ሂዩማን ኢኮሎጂ» በተባለው መጽሔት ያሳተሙት ጥናት የዚህን ሽግግር ታሪክ ለውጭው አንባቢ ያስተዋወቀ ነው። ከጥናቱ ጎልቶ የሚወጣው ነገር የአዲሱ ሥርዓት ችግር ነው። አባ ቄራ ለመንግሥት ደብዳቤ መጻፍ አያስፈልገውም ነበር፤ ኮሚቴው ግን ያለ መንግሥት ድጋፍ አቅሙ ውስን ነው። የዘር ድንበር በፈረሰበት፣ ሕዝብም በበዛበት ዘመን ሣሩ የሚካፈለው ለብዙ ሰው ነው፤ ለሦስትና ለአምስት ዓመት መዝጋትም ከድሮው የባሰ ይከብዳል። ቆየት ብሎ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ የሕግ ዕውቅና አገኘ፤ ከነዋሪው የተመረጡ ጠባቂዎች ተመደቡ፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ለማየት የሚመጣ እንግዳም የሚያርፍበት ቤት ተሠራ።

ስለ ጓሳ አሁንም ይመከራል። መቼ ይዘጋ፣ መቼ ይከፈት፣ ያጠፋው ምን ይቀጣ የሚለው ክርክር እንደ ድሮው ነው፤ ልዩነቱ ውሳኔው በቃለ ጉባኤ መስፈሩ ነው። በዚያ ሸንጎ ውስጥ የአስቦ የልጅ ልጅ አጠገብ፣ አያቱ አንድ ነዶ ሣር ለማጨድ መብት ያልነበረው ሰው ተቀምጦ እጁን ሊያወጣ ይችላል።