የራሳችሁ ድረ ገጽ፣ በነጻ፣ ከስልካችሁ

ድረ ገጽ ለመሥራት ኮምፒውተር የግድ አይደለም። ገጹ በኤችቲኤምኤል የተጻፈ ተራ የጽሑፍ ፋይል ስለሆነ የስልክ ኖትፓድ ይበቃል። ስሙን በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት «ኢንዴክስ ዶት ኤችቲኤምኤል» በሉት።

ፋይሉ አናት ላይ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን የሚገልጸውን መስመር አስገቡ። ይቺ ከተረሳች አማርኛው ወደማይነበብ ምልክት ሊቀየር ይችላል፤ በእንግሊዝኛ ለሚጽፍ ሰው ብዙም ችግር አይደለችም፣ ለእኛ ግን ዋናዋ ናት።

ከዚያ ጊትሀብ ላይ አካውንት ክፈቱ። ስሙ በዩዘርኔማችሁ ጀምሮ በ«ዶት ጊትሀብ ዶት አይኦ» የሚያልቅ ሪፖዚቶሪ ፍጠሩና ፋይሉን ጫኑበት። በደቂቃዎች ውስጥ ያው ስም አድራሻችሁ ይሆናል፤ ዶሜይን መግዛት የለም።

ግን ተጠንቀቁ፦ በነጻው አገልግሎት የምትጭኑትን ሁሉ ማንም ያየዋል። ፓስወርድም ሆነ የመታወቂያ ፎቶ እንዳትጭኑ፤ ብትሰርዙት እንኳ የቀድሞው ቅጂ በለውጥ መዝገቡ ውስጥ ይቀራል።