የታመመ ልብና ቁጣ

በአማርኛ ልብ ደም መግፊያ ብቻ አይደለም፤ ሐሳብም ድፍረትም ኀዘንም ማደሪያቸው ልብ ነው። ስለዚህም ልቡን የታመመ ሰው ከሐኪም መድኃኒት ጋር ከዘመድ «አትናደድ፤ አትደንግጥ» የሚል ምክር ይቀበላል። ምክሩ እውነትነት አለው፤ ግን ብቻውን አይበቃም።

ስኮትላንዳዊው የቀዶ ጥገና ሐኪም ጆን ሀንተር ይህን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። በደረት ሕመም ይሠቃይ ስለ ነበር፣ ሕይወቱ ሊያናድደው በወደደ ሰው ሁሉ እጅ እንደ ሆነች ይናገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1793 በለንደን ሆስፒታሉ ስብሰባ ላይ ክርክር ተነሥቶ ሕይወቱ በዚያው አለፈ። አደጋውን ማወቁ ከአደጋው አላዳነውም።

በኢትዮጵያ የብዙ ወጣቶችን ልብ የሚጎዳው ከጉሮሮ ሕመም የሚነሣው የሩማቲክ በሽታ ነው፤ ይኸውም የልብን ቫልቭ ያጠባል። ድንጋጤ ወይም ቁጣ፣ ታላቅ ደስታም ቢሆን፣ የልብን ምት ሲያፈጥን በሁለት ምቶች መካከል ደም የሚያልፍበት ጊዜ ያጥራል። ቀዳዳው ጠባብ፣ ጊዜውም አጭር ሲሆን ግፊቱ ወደ ሳንባ ይመለሳል፤ በሽተኛውም ትንፋሽ ያጥረዋል። ፓምፕና ቧንቧ ለሚያውቅ መሐንዲስ ነገሩ እንግዳ አይደለም።

ታዲያ ስሜት በምን ይገዛል? በሐዋሳና በአካባቢዋ ሲዳማዎች «አፊኒ» የሚሉት ሥርዓት አላቸው፤ ትርጓሜውም «ሰማችሁ ወይ?» ማለት ነው። በሽማግሌዎች ጉባኤ፣ በሶንጎ፣ ፍርድ ከመሰጠቱ በፊት ነገር ይደመጣል። ሥርዓቱ የቆመው ለሰላም እንጂ ለልብ በሽተኛ አይደለም፤ ይሁን እንጂ ቁጣን አፍኖ ከመያዝ ይልቅ የሚሰማ ጆሮ ማግኘት ለታመመ ልብም ይበጃል።

ትዕግሥት ግን የጠበበ ቫልቭ አይከፍትም። ዶክተር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 የኢትዮጵያ የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማኅበርን መሠረቱ፤ በ2001 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማእከል ተከፈተ። አስቀድሞ ለቀዶ ጥገና ባሕር ማዶ ይጠበቅ ለነበረ የሐዋሳ ልጅ፣ መንገዱ ወደ 275 ኪሎ ሜትር ያህል አጠረ። በሽታው እንዳያገረሽም በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚሰጥ የፔኒሲሊን መርፌ አለ።

እንግዲህ «አትናደድ» የሚል ዘመድ መልካም አድርጓል፤ «መርፌህን ተወጋህ ወይ?» ብሎ ሲጨምርበት ግን ምክሩ ሙሉ ይሆናል።