ፈሪ፣ ፈረስ እና ፋቡላ

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ሰው እንጅባራ ከመግባቱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ቀደም ብሎ ዘንገናን ያገኛል። በባንጃ ወረዳ፣ ከአስፋልቱ ፈቀቅ ብሎ፣ በጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ክብ ሐይቅ ነው። ጥልቀቱ 166 ሜትር ይደርሳል። የእኛ ቢጤ የከተማ ልጅ እዚያ ሲወርድ የሚያደርገው ይታወቃል፤ ፎቶ ይነሣል፣ ውሃው ላይ ድንጋይ ይወረውራል፣ ጦጣ ካየ ደግሞ ወሬ ይጀምራል። «እሜቴ ጦጢት፣ እንደምን ዋልሽ? ሙዝ ላምጣልሽ?» ጦጣዋ ዝም ትላለች። ጓደኛው ድምፁን አቅጥኖ በእሷ ፈንታ ይመልሳል። ሁሉም ይስቃል።

ይህን ማንም ክፍል ውስጥ አላስተማረንም። ከአያቶቻችን የወረስነው ነው፤ እነሱም አውሬን ሲያናግሩና ሲያስናግሩ ኖረዋል። እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው፦ ሰው የራሱ አፍ እያለው ለምን በጅብ አፍ ይናገራል? መልሱን ፍለጋ መጀመሪያ ብራናውን፣ ቀጥሎ ምድጃውን፣ በመጨረሻም መድረኩን እንጎበኛለን። መድረኩ ላይ ስንደርስ አንድ የታገደ ቴአትር ይጠብቀናል።

ፈሪዎቹ

በፈረንጅ አገር እንስሳት እንደ ሰው የሚናገሩበትን ልብ ወለድ የሚወዱ ሰዎች ራሳቸውን የቻሉ ማኅበረሰብ ሆነዋል። በ1989 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ የራሳቸውን ጉባኤ ጀመሩ። ከ2001 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ «ኡርሳ ሜጀር» የሚባል ሽልማት አላቸው፤ የዓመቱን ምርጥ ልብ ወለድ፣ ፊልምና ኮሚክስ በድምፅ ይመርጡበታል። ራሳቸውን የሚጠሩበት የእንግሊዝኛ ቃል «ጸጉራም» ማለት ነው። ወደ እኛ ፊደል ሲገባ ግን «ፈሪ» ይሆናል።

አንባቢ ይሳቅ፤ እኛም ስቀናል። ግን ቀልዱ ውስጥ ቁም ነገር አለ። በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ሮማዊው ተረት ጸሐፊ ፌድሮስ ከባርነት ነጻ የወጣ ሰው ነበር። ተረት እንዴት ተፈጠረ ለሚለው ጥያቄ የሰጠው መልስ፣ ባሪያ በልቡ ያለውን በግልጽ መናገር ስለማይደፍር ስሜቱን በተረት ሸፍኖ አወጣው የሚል ነው። የተረት አባት የሚባለው ኤዞፕም ባሪያ እንደነበር ይነገራል። ፕላኑዴስ የተባለ የቢዛንታይን መነኩሴ እንዲያውም የኤዞፕን ስም «ኢትዮጵያዊ» ከሚለው የግሪክ ቃል ጋር አያይዞ የኛ አድርጎልናል። የዛሬ ሊቃውንት ይህን አይቀበሉትም፤ እኛም የሰው ቅርስ ለመንጠቅ አልመጣንም። ጉዳያችን ፍርሃቱ ነው። አውሬ የሚናገርበት አገር፣ ሰው እንደልቡ የማይናገርበት አገር ነው ማለት ነው?

ከብራና እስከ ምድጃ

የተጻፈውን ካየን ነገሩ ሩቅ ይሄዳል። «ፊሳልጎስ» የሚባለው የእንስሳት መጽሐፍ ከግሪክ ወደ ግዕዝ የተተረጎመው በአክሱም ዘመን ነው። አንበሳ አዳኝ እንዳይከተለው ዱካውን በጅራቱ ያጠፋል ይላል፤ ከዚያ ነገሩን ወደ ክርስቶስ ያመጣዋል። በዚህ መጽሐፍ እንስሳው ምሳሌ ነው፤ ገና አፍ አላወጣም።

አፍ ያወጡት እንስሳት የመጡት ከህንድ ነው። «ቀሊላና ዲምና» የሁለት ቀበሮዎች ታሪክ ነው፤ በአንበሳው ንጉሥ ግቢ የሚኖሩ ቀበሮዎች። ከህንድ ወደ ፋርስ፣ ከፋርስ በስምንተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ ዓረብኛ፣ ከዚያም ወደ ግዕዝ ተሻገረ። የግዕዙ ቅጂ ዛሬ በእጃችን የለም። መኖሩን የምናውቀው አባ እንባቆም በ1540 እ.ኤ.አ. ለግራኝ አሕመድ በጻፉት «አንቀጸ አሚን» ውስጥ ስለጠቀሱት ነው። እንባቆም ከየመን መጥተው ክርስትና የተቀበሉ፣ በኋላም የደብረ ሊባኖስ እጨጌ የሆኑ ሰው ናቸው። አገር በጦርነት ሲታመስ በተጻፈ የሃይማኖት ክርክር ውስጥ የቀበሮዎች መጽሐፍ ስሙ መነሣቱ፣ ተረትን የሕፃናት ጨዋታ ብቻ አድርገው እንዳልቆጠሩት ይነግረናል።

ወደ ምድጃው ስንመጣ ደግሞ ተረቱ ጥርስ ያወጣል። ይህን የማያውቅ ያለ አይመስለንም። አንበሳ፣ ነብር፣ ጅብና አህያ ድርቅ መጣባቸው። መዓቱ በማን ኃጢአት እንደመጣ ለማወቅ ሁሉም ይናዘዝ ተባለ። አንበሳ በሬ ሰብሮ መብላቱን ተናገረ፤ «ይህማ ኃጢአት አይደለም» አሉት። ነብር ፍየል መብላቱን ተናገረ፤ እሱንም «ምን አለበት» አሉት። ጅብም ያው። አህያ በተራዋ፣ ጌታዋ ከሰው ጋር ቆሞ ሲያወራ ከመንገድ ዳር ትንሽ ሣር መንጨቷን ተናዘዘች። «መዓቱን ያመጣሽብን አንቺ ነሽ!» ብለው ተከፋፍለው በሏት።

ሃሮልድ ኩርላንደርና ቮልፍ ሌስላው ይህን ተረት በ1950 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ላይ ባሳተሙት የኢትዮጵያ ተረቶች መጽሐፍ ውስጥ አስገብተውታል። የሚገርመው፣ ፈረንሳዊው ላ ፎንቴን በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጻፋቸው ተረቶች ውስጥም ይቺው አህያ አለች። እዚያ መዓቱ ወረርሽኝ ነው፤ ዳኞቹ በአንበሳው ዙፋን ዙሪያ የተሰበሰቡ ናቸው፤ የምትበላው ግን ሣር የቀመሰችው አህያ ናት። እኛ ደግሞ ክሱን በአራት ቃል አሳጥረነዋል፦ «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ!» የሕግ ፋኩልቲ አንድ ሴሚስተር የሚፈጅበትን ነገር አህያ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው።

እንዲህ ዓይነቱን ተረት በምድጃ ዳር የሚናገር ሰው ፈሪ ነው? ሹሙን በስሙ አልጠራውም፤ እውነት ነው። ግን እዚያ የተቀመጠ ሁሉ ጅቡ ማን እንደሆነ ያውቃል። ልጁም ሳይነገረው ያውቃል።

በፈረስ ስም መጠራት

ወደ ተከለከለው ቴአትር ከመግባታችን በፊት እንጅባራ ጥቂት እንቆይ። በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ በፈረስ ትሞላለች። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን አባላቱ ከ60 ሺህ በላይ እንደሆኑ ይነገራል። በዓሉ በዓድዋና በኋላም ከጣሊያን ጋር በተደረገው ትግል ፈረሱ የከፈለውን ዋጋ ያስታውሳል። ሰው ለሰው ሐውልት ያቆማል፤ ሰባት ቤት አገው ለፈረስ በዓል አቁሟል።

ፈረስ በእኛ ታሪክ ውስጥ ሌላም ሥራ ነበረው፤ ለሰው ስም ይሰጥ ነበር። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ ተብለዋል። እነዚህ የፈረስ ስሞች ናቸው። ተረት ለእንስሳው የሰውን አፍ ያውሰዋል፤ የፈረስ ስም ደግሞ ለሰውዬው የእንስሳውን ክብር ያውሰዋል። በእንስሳ መጠራት ማንንም አላሳፈረም፤ አዝማሪ ሲጠራው ጌታው ደረቱን ይነፋ ነበር። ይህን ያዙልን፤ ከጥቂት መስመር በኋላ እንፈልገዋለን።

አውሬዎቹ አዲስ አበባ ሲገቡ

ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1876 ዓ.ም. ተወለዱ። ከዓድዋ ጦርነት በኋላ በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ተወስደው እዚያው አደጉ፤ የመድፈኛ ትምህርትም ተማሩ። በኋላ የ1923 ዓ.ም.ን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት፣ ጣሊያን ሲመጣም በጄኔቭ የመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ ኢትዮጵያ የተናገሩት እሳቸው ናቸው።

ያደጉበትን አገር ልብ እንበል። ሩሲያ የኢቫን ክሪሎቭ አገር ናት። ክሪሎቭ በ1844 እ.ኤ.አ. የሞተ ተረት ጸሐፊ ነው፤ ተረቶቹን የሩሲያ ልጅ ሁሉ በቃሉ ይወጣቸዋል። በሴንት ፒተርስበርግ የቆመለት ሐውልት መቀመጫው ዙሪያውን በተረቶቹ እንስሳት የተሞላ ነው። ያች አገር የሳንሱርም አገር ነበረች። ሳንሱሩን በምሳሌና በቅኔ የሚያልፈውን አጻጻፍ ሩሲያውያን «የኤዞፕ ቋንቋ» ይሉታል። እንግዲህ ተክለ ሐዋርያት ከመድፍ ትምህርት ጋር ምን ዓይነት ባህል ይዘው እንደተመለሱ መገመት አያዳግትም።

ነገሩ እንዲህ ሆነ። መኳንንቱ አዲስ አበባ በአንድ ሆቴል «ቴአትር» ተብሎ ሲዘፈንና ሲጨፈር አይተው ተደሰቱ። ተክለ ሐዋርያት ግን አውሮፓ ውስጥ ቴአትር አይተዋልና ቴአትር ማለት ይህ አይደለም አሉ። እንግዲያው ምን እንደሆነ አሳየን ተባሉ። ከላ ፎንቴን ተረቶች ተነሥተው «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን ጻፉ። የታየበት ዓመት ከመጽሐፍ መጽሐፍ ይለያያል፤ 1912 እ.ኤ.አ. የሚሉ አሉ፣ 1921 የሚሉም አሉ። ሁሉም የሚስማሙት ግን በአንድ ነገር ነው፤ የዘመናዊው የኢትዮጵያ ቴአትር መጀመሪያ ይህ ነው። ስለዚህ በመድረካችን ላይ መጀመሪያ የተናገሩት አውሬዎች ናቸው።

ላ ፎንቴን አዲስ አበባ ሲገባ ባዕድ አገር አልገባም። ያቺ አህያ እዚህ ዘመድ ነበራት። አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠው ባላባት አውሬው ሲናገር ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለገውም፤ ከእናቱ ጉልበት ሥር ሲሰማው ያደገ ቋንቋ ነው። አስተዳደሩ መበላሸቱን፣ ጉቦውን፣ ኋላ መቅረቱን ሲነኩበት ወዲያው ገባው።

ቴአትሩ ታገደ። የእገዳው ትእዛዝ የሚነገረው በንግሥት ዘውዲቱ ስም ነው። ከዚያ በኋላ እስከ ጥቅምት 1923 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በዓል ድረስ መድረኩ ዝም አለ። ሲከፈትም እነ ዮፍታሔ ንጉሤ በሰው ገጸ ባሕርያት መጡ፤ አውሬዎቹ አብረው አልተመለሱም።

እዚህ ላይ ነው የፈረሱን ስም የምንፈልገው። በፈረሱ ስም ሲጠራ ደረቱን የሚነፋው መኳንንት፣ መድረክ ላይ አውሬ ሲናገር ለምን ተቆጣ? ሁለቱም እንስሳ ናቸው። ልዩነቱ አንዱ ማወደሱ፣ ሌላው መውቀሱ ነው። እንስሳ ሆኖ መወደስ ይቻላል፤ እንስሳ ሆኖ መወቀስ ግን ያስከስሳል። ከእገዳው በስተጀርባ ሌላም አስቂኝ ነገር አለ። ተረት የማንንም ስም አይጠራም። «ይህ እኔን ነክቷል» ለማለት መጀመሪያ «ያ አውሬ እኔ ነኝ» ብሎ ማመን ያስፈልጋል። ያገደው ክፍል ይህን ኑዛዜ በገዛ ፈቃዱ ሰጠ። አህያዋ ሣር በልቻለሁ ብላ ተናዛ ተበላች፤ ሹማምንቱ ሳይጠየቁ ተናዘው ቴአትሩን በሉት።

ስለዚህ የፌድሮስ መልስ ግማሹን ብቻ ይነግረናል። ተረት ከፍርሃት ይወለድ ይሆናል። ካደገ በኋላ ግን ፍርሃቱን ወደ ሌላው ወገን ያሻግረዋል። በፋቡላ ምሽት የፈራው ተናጋሪው አልነበረም።

ጥርሱ የወለቀ ጅብ

ከዚያ ወዲህ አውሬዎቹ ምን ሆኑ? ልጆች ዘንድ ሄዱ። ከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ»ን በግጥም ጻፉት፤ መጽሐፉ ትምህርት ቤት ገባ፣ ትውልድ በቃሉ አጠናው። አባባ ተስፋዬ ሣህሉ አርባ ዓመት ያህል በቴሌቪዥን ተረት ሲያጫውቱን ኖረው በሐምሌ 2009 ዓ.ም. አረፉ። በ1998 ዓ.ም. ደግሞ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» መጣች፤ ፀሐይ የስድስት ዓመት ቀጭኔ ናት፣ በ2008 እ.ኤ.አ. ጃፓን ድረስ ተሸልማለች። እነዚህን አንንቅም። እጅ መታጠብን ከቀጭኔ የተማረ ልጅ ሕይወቱን ያተረፈ ልጅ ሊሆን ይችላል።

ቅሬታችን ሌላ ነው። ተረት ለልጆች ብቻ ነው የሚል እምነት ከመካከላችን ገብቷል። ጅቡ ምክር የሚሰጥ ዋርድያ ሆነ፤ ጥርሱ ወለቀ። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ የሚመልስ ትልቅ ሰው ጠፋ። ያችን አህያ የምናስታውሳት ለፈተና ስትመጣ ብቻ ሆነ።

ጥርሱ ያለው ተረት የቀረው ገና ባልተጻፈው ውስጥ ነው። በአዊ ዞን ልጆች የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በአዊኛ ይማራሉ። ፊደል አለ፣ መምህር አለ፣ አንባቢ እያደገ ነው። ባንጃ፣ አንከሻ፣ ዚገም ውስጥ ተረት የሚያውቁ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ግን በየዓመቱ ይቀንሳሉ። የእንባቆም ዘመን ሰዎች «ቀሊላና ዲምና»ን በብራና ይዘውት እንኳ ጠፍቷል፤ በቃል ብቻ ያለው እንዴት ይቆያል?

ስለዚህ በሚቀጥለው ጉዟችሁ ዘንገና ስትደርሱ ከፎቶው በኋላ ስልኩን ወደ ኪስ አትመልሱት። መቅረጫም አለው። በአካባቢው ዕድሜ የጠገበ ሰው ፈልጉ፣ አዊኛ የሚችል ጓደኛ ይዛችሁ ተቀመጡ፣ «አባባ፣ ስለ ጅብ አንድ ያጫውቱን» በሉ፣ ፈቅደው ሲጀምሩም ቅረጹ። ስትጽፉት ደግሞ መጨረሻው ላይ ለልጆች የሚሆን ምክር አትለጥፉበት። ማን እንደሚቆጣ ጠብቁ።