ፈቃድ፣ ዕዳና መንገድ፤ የእንግሊዝኛ «ነገ» አጭር ታሪክ

የእንግሊዝኛ ሰዋስው ስንማር ሦስት ሣጥን ይሰጠናል፤ ያለፈ፣ የአሁን፣ የወደፊት። ሦስተኛው ተከፍቶ ሲታይ ግን ጉድ ነው፤ ውስጡ ያለው ዕቃ ሁሉ ከሌላ ቤት በውሰት የመጣ ነው። ላቲን ለወደፊት ጊዜ የራሱ የግስ እርባታ አለው፤ ፈረንሳይኛም አለው፤ እንግሊዝኛ የለውም። ታዲያ «ዊል»፣ «ሻል» እና «ጎይንግ ቱ» ከየት መጡ? ተማሪውስ አንዱን በሌላው ቦታ ባስገባ ቁጥር ለምን ነጥብ ይቀነስበታል? መልሱ ያለው በታሪካቸው ውስጥ ነው ባይ ነኝ።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1000 ዓመት ገደማ ኤልፍሪክ የሚባል እንግሊዛዊ መነኩሴ የላቲንን ሰዋስው በአገሩ ቋንቋ ጻፈ። የላቲኑ «ስታቦ» «ወደፊት እቆማለሁ» ማለት ነው። መነኩሴው በቋንቋው ውስጥ ቢፈልግ፣ ቢፈልግ፣ ለዚህ የሚሆን ቅርጽ አጣ። ስለዚህ የአሁኑን ግስ ወስዶ «አሁኑኑ ወይም በሌላ ጊዜ» የሚል ሐረግ ቀጠለበትና ተገላገለ። የኛ አንባቢ ይኸን ሲሰማ ፈገግ ሳይል አይቀርም። እኛስ «እቆማለሁ» ስንል ዘወትር ነው ወይስ ነገ? «ነገ» የሚል ቃል ካልታከለበት በምን ይለያል!

ኋላ ግን ሁለት ግሶች ክፍተቱን ሊሞሉ መጡ። የ«ዊል» የጥንት ትርጉም መፈለግ፣ መፍቀድ ነበር። የ«ሻል» ደግሞ ዕዳ ያለበት፣ ግድ የሆነበት ማለት ነበር፤ ዕዳንም በደልንም የሚያመለክተው የጀርመንኛው «ሹልድ» የሥጋ ዘመዱ ነው። በ1380ዎቹ የዊክሊፍ ወገኖች መጽሐፍ ቅዱስን ከላቲን ሲተረጉሙ ለወደፊቱ ጊዜ «ሻል»ን መረጡ። ሰው ስለ ነገ ለመናገር በመጀመሪያ የያዘው እንግዲህ ፈቃዱንና ዕዳውን ነው።

ሁለቱ ጎን ለጎን ሲኖሩ አንድ ሰው ድንበር ሊያበጅላቸው ተነሣ። ጆን ዋሊስ ይባላል፤ በኦክስፎርድ የጂኦሜትሪ መምህር ነበረ፤ የወሰን የለሽን ምልክት በሂሳብ ያስገባውም እሱ ነው። በ1653 በላቲን ባሳተመው የእንግሊዝኛ ሰዋስው እንዲህ ሲል ደነገገ፤ ስለ ራስህ ስትናገር «ሻል» ትንበያ ነው፣ «ዊል» ግን ቃል መግባት ወይም ዛቻ ነው፤ ስለ ሌላው ስትናገር ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ደንቡ የታሰበው ለውጭ አገር ሰዎች ነበር። ጊዜ አልፎ ግን የአገሩን ልጆች መገረፊያ ሆነ። ደንቡን የማያውቅ አየርላንዳዊ ውኃ ውስጥ ወድቆ ሲጮህ «ዊል»ንና «ሻል»ን ቢያቀያይር «መስጠም እፈልጋለሁ፤ ማንም እንዳያወጣኝ» አለ ተብሎ ተቀለደበት። ቀልዱ በእንግሊዝ መምህራን ዘንድ ለረጅም ዘመን ሲያስቅ ኖሯል። የሰጠመውን ሰው ማን እንዳወጣው ግን አይነገርም።

ሕዝቡ ለደንቡ አልታዘዘም። ጄኔራል ማክአርተር በ1942 ከፊሊፒንስ ወጥቶ «አይ ሻል ሪተርን» ሲል ቃል እየገባ ነበር፤ በዋሊስ ደንብ ቢመዘን ግን ተራ ትንበያ ብቻ ይሆን ነበር። አድማጩ መሐላ መሆኑ አልጠፋውም፤ ሰውዬውም በ1944 ተመልሷል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1925 አሜሪካዊው ቻርልስ ፍሪስ ደንቡ ከትክክለኛው የሰው አነጋገር ጋር እንደማይገጥም በጥናት አሳይቶ ነበር። ዛሬ በተራ ንግግር «ሻል» ሊጠፋ ጥቂት ቀርቶታል፤ «ልክፈተው?» ብሎ ፈቃድ ለመጠየቅ ግን አሁንም ያገለግላል።

ሦስተኛው እንግዳ «ጎይንግ ቱ» የመጣው በእግሩ ነው። መጀመሪያ እውነተኛ መሄድ ነበር፤ አንድ ነገር ለማድረግ መንገድ የጀመረ ሰው አነጋገር። በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ እግር ሳይነቃነቅም ይባል ጀመር፤ በ1646 ጆሹዋ ፑል ባሳተመው ሰዋስው ውስጥ የወደፊት ምልክት ተብሎ ተቆጠረ።

አሁን ወደ ደብተራችን እንመለስ። የዛሬው አጠቃቀም የተሸከመው ይህንኑ ታሪክ ነው። በር ሲንኳኳ «እኔ እከፍታለሁ» ብሎ ብድግ የሚል ሰው ፈቃዱ የተወለደው አሁን ነው፤ ስለዚህ «ዊል» ይላል። «በክረምት ልጽፍ ነው» የሚለው ግን ከልቡ ከመከረ ቆይቷል፤ መንገድ ጀምሯል፤ የእሱ «ጎይንግ ቱ» ነው። ቀጠሮ ተይዞ ሌላ ሰው ከተነገረው እንግሊዙ የአሁኑን ቀጣይ ግስ ይወስዳል፤ የአውቶቡስ መነሻ ሰዓት ከሆነ ደግሞ የዘወትሩን። ለትንበያም እንዲሁ ነው። ደመናው ጠቁሮ እያየን «ሊዘንብ ነው» ብንል ዝናቡ መንገድ ጀምሯልና «ጎይንግ ቱ»፤ እንዲያው በግምት «የሚቀጥለው ሳምንት ይዘንባል» ብንል ግን «ዊል» ነው። አማርኛችን በ«ይዘንባል» እና በ«ሊዘንብ ነው» መካከል ያለውን ልዩነት ጠንቅቆ ያውቃል። የሚቸግረን መምህሩ ሁለቱንም «ትንቢት» በሚል አንድ ስም ሲጠራቸው ነው። ውሳኔ ትንቢት አይደለም፤ የወሰነ ሰው ይጠየቅበታል።

የጥንቱ ፈቃድ ከ«ዊል» ውስጥ ፈጽሞ እንዳልሞተ ለማየት ጠዋት የማይነሳ መኪና ይበቃል። እንግሊዙ «ወንት ስታርት» ይላል፤ እኛም «አልነሳ አለ» እንላለን። ሁለታችንም ለብረቱ እምቢታ ሰጥተነዋል። እኛ እንዲያውም እንብሳለን፤ ስንጠራ «መጣሁ!» እንላለን፣ ገና ከወንበሩ ሳንነሳ። እንግሊዙ በቀጣይ ግስ የሚለውን እኛ እንዳለቀ አድርገን ጨረስነው።

ነገሩ ከክፍል ውጭ የሚከብድበት ቦታ ደግሞ አለ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 5 አማርኛ የፌዴራሉ መንግሥት የሥራ ቋንቋ «ይሆናል» ሲል፣ የእንግሊዝኛው ቅጂ «ሻል ቢ» ብሎታል። እዚህ ላይ ትንበያ የለም፤ ድንጋጌ ነው። ያው «ይሆናል» ቡና ቤት ሲገባ ግን «ምናልባት» ማለት ነው። «ይመጣል?» «ይሆናል።» ሕግ በሚጻፍበትና ውል በሚፈረምበት ቦታ ይህ ልዩነት ገንዘብና ነፃነት ያስከፍላል። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የግልጽ አጻጻፍ መመሪያም አሻሚ ነው ብሎ «ሻል»ን ትታችሁ «መስት» በሉ ሲል ጸሐፊዎቹን መክሯል። የዕዳው ቃል ዕዳውን ማስከፈል ቢያቅተው ሌላ ዋስ ተጠራ ማለት ነው።

ስለዚህ፣ አንባቢ ሆይ፣ ባዶውን መስመር ከመሙላትህ በፊት ሠንጠረዡን ተውና ተናጋሪውን ጠይቀው፤ አሁን ፈቀድክ ወይስ ቀድሞ መንገድ ጀምረሃል? ምልክት ታያለህ ወይስ ትገምታለህ? ዕዳስ አለብህ? ሰው ስለ ነገ ሲነግርህም ይኸንኑ ብትጠይቀው አይከፋም፤ በተለይ «ይደረጋል» ብሎ አድራጊውን ሳይጠራ የሚያልፈውን።